በደባርቅ ስለ ተገኘ አሮጌ የወረቀት ብር

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ዳባት ሲደርስ ብርዱ የደጋ መሆኑን ያውቀዋል። ገብሱ አጭር ነው፤ ሰዉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይከናነባል። ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደባርቅ የሰሜን ተራሮች በር ስለ ሆነች፣ የውጭ አገር ሰው ዋልያና ጭላዳ ለማየት በዚያ ያልፋል። እኛ ግን የሄድንበት ጉዳይ የውርስ ንብረት ለመመዝገብ ስለ ነበረ፣ ከተራራው ይልቅ የሟችን ሣጥን ስንመለከት ዋልን።

በሣጥኑም ስድስት ማርትሬዛ ብርና በጨርቅ የተጠቀለለ የወረቀት ገንዘብ ተገኘ። ከወረቀቱ አንዳንዱ የኢጣልያ ሊሬ፣ አንዳንዱ በ1937 ዓ.ም. የወጣው ባለ አንድ ብር፣ የቀረውም ደርግ በ1969 ዓ.ም. ያወጣው ነበረ። ከሦስቱ ወራሾች ታናሹ ይህን ባየ ጊዜ፣ «ጌታዬ፣ የእኔን ድርሻ በሬ ወንድሞቼ ይውሰዱት፤ ለእኔ ወረቀቱ ይጻፍልኝ። አሮጌ ብር አዲስ አበባ ላይ ቤት ይገዛል ብለውኛል» አለን። እናቲቱ ደንግጠው ዝም አሉ። ገበሬ ያለ በሬ ምን ይሆናል?

የማርትሬዛው ነገር ቀላል ነው። አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም ከ23 ግራም የሚበልጠው ንጹሕ ብር ነው። መንግሥት ቢለወጥ፣ ባንክ ቢዘጋ፣ አንጥረኛ አቅልጦ መስቀልና የአንገት ጌጥ ያደርገዋል። (በላዩ ያለው 1780 የሚለው የአውሮፓ ዓመት የዕድሜው ምስክር አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን በዚያው ቁጥር ሲቀረጽ ኖሯልና።)

ወረቀት ግን በዐዋጅ ይከብራል፣ በዐዋጅም ይሻራል። የኢትዮጵያ ባንክ በ1924 ዓ.ም. ነብርና ዝሆን የተሣሉበትን ገንዘብ አወጣ፤ በ1928 ዓ.ም. ጠላት ሲገባ ባንኩ ተዘጋ፣ ሊሬም መጣ። ባላገሩ ግን ጠገራውን መረጠ። ከደባርቅ በላይ በወልቅፊት የመሸገው የኢጣልያ ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ሊሬውም ውሎ አድሮ ከገበያ ወጣ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው ብር በ1969 ዓ.ም. ተለወጠ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ ባለ 10፣ ባለ 50ና ባለ 100 ብሮች በሦስት ወር ውስጥ እንዲለወጡ ታዘዘ፤ በጊዜው ያልለወጠ ሰው በእጁ ወረቀት ብቻ ቀረ።

እንግዲህ ለተሻረ ብር ባንክ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ሰብሳቢ ነው። ሰብሳቢም የሚጠይቀው ዕድሜውን ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ቀረ? እንዴትስ ሆኖ ቀረ? ብሎ ነው። በ1937ቱ ገንዘብ ባለ አንዱ ብር በየሰዉ እጅ የገባ ስለ ሆነ ብዙ ተርፏል፤ ባለ 500ው ግን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ በብርቱ ይፈለጋል። ያልታጠፈና ያልቆሸሸ ወረቀት ከተጨማደደው ብዙ እጥፍ ያወጣል። እንዲያምር ብሎ ማጠብ፣ በካውያ መተኮስ ወይም የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ ዋጋውን ያጠፋዋል፤ ይህን የሚያደርጉ ብዙ ሰዎች አይተናል።

የሟቹ ወረቀት ከአራት የታጠፈ፣ ጢስ ያጠቆረው፣ ጠርዙንም አይጥ የቀመሰው ነበረ። ልጁ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ፣ «ታዲያ ስንት ያወጣል?» አለን። ገዢ የሰጠውን ያህል ያወጣል፤ ነገር ግን የበሬ ዋጋ አያወጣም አልነው። ፈጥኖ አላመነንም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣ ሲያያቸው ቆየ።

በመጨረሻ እናቲቱ፣ «ወረቀቱ ከእኔ ዘንድ ይቀመጥ፤ ገዢ ከመጣ ለሦስት ትካፈሉታላችሁ» አሉ። ማርትሬዛውን ሁለት ሁለት አከፋፈልን፣ የወረቀቱንም ቁጥር በመዝገብ ጻፍን። ወደ በሬዎቹ በደረስን ጊዜ ታናሹ አቋረጠንና፣ የእርሱ በሬ ቡላ ሳይሆን ዳልቻ ተብሎ እንዲጻፍ አሳሰበን።