ፌስታሉን አትጣሉ

ሆመቾ ላሉት የቀድሞ ወታደር አጎቴ የጡረታ ማስረጃ እያደራጀሁ ነው። «ደም ግፊት አለባቸው» የምትል አንዲት ቁራጭ ወረቀት ለሕክምና ቦርድ ብዙም አትነግረውም። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140/90ና ከዚያ በላይ መሆኑ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ልብና ኩላሊት መነካቱ ነው ቁም ነገሩ። በአዋጅ 1267/2014 የጤና ጉድለትና በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ለየቅል ናቸውና፣ ለእኔ ከዛሬው ማስረጃ በአገልግሎት ዘመን የተጻፈው ይበልጣል።

የጋሼን የድሮ ካርድ ግን አንድ ጤና ተቋም «ጠፍቷል» አለን። ደግነቱ የመድኃኒት ማዘዣቸውን ሁሉ በፌስታል አኑረዋል (እትዬ ስንቴ ሊያቃጥሉት ነበር!)። በየቀኑ ቅደም ተከተል ደረደርነው።

ተማሪዎቼ፣ አባታችሁ ወታደር ከነበሩ ፌስታላቸውን ፈትሹ። ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን ያዙ። እኛ ሰኞ ለኩላሊት ምርመራ ሆሳዕና እንወርዳለን።