ቀዳዳው ስለገጠመ ልኩ ነው አትበሉ!

እናንተዬ፣ ቤታችሁ ውስጥ ስንት አዳፕተር እንዳለ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? የስልኩ፣ የዋይፋዩ፣ የሬዲዮው፣ የቶንዶዙ... ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ገመዱ ተጠላልፎ አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ታዲያ አንዱ ሲጠፋ እጃችን የሚሄደው ጫፉ ወደሚገጥመው ነው። ገጠመ ማለት ግን ተስማማ ማለት አይደለም። ይሄ ለትዳርም ይሠራል፤ የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለ ኤሌክትሪክ ነው።

እኛ ግቢ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ። ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ድምፁን የሚሰሙት የሬዲዮአቸውን ነው። ሬዲዮው አራት ባትሪ ድንጋይ ይበላል። የድንጋዩ ወጪ ሲከብዳቸው የእህታቸው ልጅ «አክስቴ፣ ምን አስጨነቀሽ?» ብላ አንድ የዋይፋይ አዳፕተር ሰካችላቸው። ገጠመ። ሬዲዮው ትንሽ ጮኸ፣ ሸተተ፣ ዝም አለ። ልጅቷ አፍራ ሦስት ሳምንት ቀረች። እማማ ደግሞ «ዕቃ ይተካል፣ እሷ ለምን ጠፋችብኝ?» እያሉ በር በሩን ያያሉ። በመጨረሻ እኔው ሄጄ ለምኜ አመጣኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ አራቱ ሲደረደሩ 6 ይሆናሉ። የሰካችው አዳፕተር ግን 12 ቮልት ነበር። እጥፍ! ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ነው፤ አዳፕተሩ ነው ወደ 12፣ 9፣ 6 ወይም 5 የሚያወርደው። ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት በአዳፕተሩና በዕቃው ላይ የተጻፈውን አስተያዩ።

አንደኛ፣ ቮልቱ እኩል ይሁን። ከበለጠ ሊያቃጥል ይችላል፤ ካነሰ ዕቃው በደንብ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ የአዳፕተሩ አምፔር ዕቃው ከሚጠይቀው አይነስ። ቢበልጥ ችግር የለም፤ ዕቃው የሚወስደው የሚበቃውን ብቻ ነው። ካነሰ ግን አዳፕተሩ ይግላል፣ ሲብስም ይቀልጣል።

ሦስተኛ፣ ፕላስና ማይነሱን እዩ። መሃሉ ነጥብ፣ ዙሪያው ያልተዘጋ ክብ የሆነ ትንሽ ሥዕል አለ። ፕላሱ ከነጥቡ ጋር ከተያያዘ የመሰኪያው ውስጡ ፕላስ ነው፤ ከክቡ ጋር ከሆነ ደግሞ ውጪው። የሁለቱ ሥዕል ካልተመሳሰለ አትሰኩ።

መብራት ሲጠፋስ? ፓወር ባንክ በተለመደው ቀዳዳው የሚሰጠው 5 ቮልት ነው። ለስልክ ይሆናል፤ 12 ቮልት ለሚፈልግ ዋይፋይ ግን ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ገመድ ያስፈልጋል። «10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት» የሚለው ጽሑፍም አያታላችሁ። ብዙውን ጊዜ የሚለካው በውስጡ ባለው 3.7 ቮልት ስለሆነ፣ በ5 ቮልት ሲወጣ ከ7,400 አያልፍም። ከ12 ቮልት ባትሪ በኢንቨርተር 220 አውጥቶ በአዳፕተር መልሶ 12 ማድረግም ብክነት ነው፤ ኃይሉ ወጪም ወራጅም ላይ ይቀነሳል። ለዋይፋይ ተብሎ የሚሸጠው ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ይሻላል።

በሉ፣ ዛሬውኑ መሳቢያችሁን ክፈቱና በየአዳፕተሩ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ የማን እንደሆነ ጻፉበት። ጽሑፉ የጠፋበትን አትሰኩ። ካልገባችሁ ጠጋኝ ጠይቁ፤ እንኳን ሬዲዮ ሰውም ሳይጠየቅ ይበላሻል። ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!