ጋሪው ቁጥር አለው፣ ፈረሱ ስም የለውም

እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 2015፣ ጃፓን ውስጥ በሃንሺን የፈረስ መሮጫ ሜዳ የሆነ ነገር ነው። ጎልድ ሺፕ የሚባል ግራጫ ፈረስ የታካራዙካን ዋንጫ ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ሊወስድ መነሻው ላይ ቆሟል። በ2013ም በ2014ም አሸንፏል፤ ስለዚህ ብዙው ተወራራጅ ገንዘቡን በእሱ ላይ አስይዟል። በሩ ሲከፈት ሌሎቹ ፈረሶች ተፈተለኩ። ጎልድ ሺፕ ግን በኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለምን? የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የፊት እግሮቹ መሬት እስኪነኩ ሌሎቹ ርቀዋል። ከ16 ፈረስ 15ኛ ሆኖ ገባ። በዚያች ቅጽበት አየር ላይ የቀረው የውርርድ ገንዘብ 12 ቢሊዮን የን ያህል ነው ይባላል፤ የጃፓን የፈረስ ወዳጆች ጉዳዩን እስከ ዛሬ በገንዘቡ መጠን ይጠሩታል።

ሌላ አገር ቢሆን እንዲህ ያለ ፈረስ ስሙ የሚነሳው ለእርግማን ነው። ጃፓኖች ያደረጉት ሌላ ነው። ሳይጌምስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ኡማ ሙሱሜ የሚባል የስልክ ጨዋታ አወጣ። በእውን የኖሩ የውድድር ፈረሶች እዚያ የፈረስ ጆሮና ጭራ ያላቸው ልጃገረዶች ሆነው ይሮጣሉ፤ ተጫዋቹ አሰልጣኛቸው ነው፣ ያለማምዳቸዋል፣ ያሳርፋቸዋል፣ ለውድድር ያቀርባቸዋል። ጨዋታው በ2025 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ከጃፓን ውጭም ብዙ ሰው ያዘ። ከልጃገረዶቹ ሁሉ በጣም የምታስቀው ደግሞ ጎልድ ሺፕ ናት፤ ረጅም፣ ግራጫ ፀጉር፣ ቁም ነገር ሲወራ ስለማይገናኝ ነገር የምታወራ፣ አሰልጣኟን በሁለት እግሯ ዘልላ የምትረግጥ። ዛሬ ታሸንፋለች፣ ነገ ምን እንደምትሆን አይታወቅም።

ጨዋታው የተሠራው ለገንዘብ ነው፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም። የሚገርመው ግን ሠሪዎቹ ከፈረሱ ምኑን እንደወሰዱ ነው። ጎልድ ሺፕ በ28 ውድድር 13 ጊዜ ያሸነፈ፣ ከእነዚህም ውስጥ 6ቱ ከፍተኛው ደረጃ የሚሰጣቸው ውድድሮች የሆኑ ኃያል ፈረስ ነው። ለስልክ ጨዋታ ይህ ብቻ በበቃ ነበር። እነሱ ግን ድሉን ትተው ጸባዩን ያዙ። እምቢታውን፣ ግትርነቱን፣ ያንን በሁለት እግር መቆም። ፈረሱ ማን እንደነበረ የሚነግረው እሱ ነው ብለው አመኑ።

እዚያው ጨዋታ ውስጥ ሃሩ ኡራራ የምትባልም አለች። የእውነተኛዋ ሃሩ ኡራራ ታሪክ ደግሞ ይብሳል፤ 113 ጊዜ ሮጣ አንድ ጊዜም አላሸነፈችም። በኮቺ ከተማ ትንሽ ሜዳ ላይ እየተሸነፈች እየተሸነፈች አገር የወደዳት ፈረስ ሆነች። ካረጀች በኋላ ቺባ አውራጃ ውስጥ ባለ አንድ እርባታ ተቀምጣ ቀለቧን ደጋፊዎቿ እያዋጡ ይከፍሉላት ነበር። ጨዋታው በእንግሊዝኛ በወጣበት ክረምት፣ በሕይወቷ አይተዋት የማያውቁ የውጭ አገር ወጣቶች በስልካቸው ሣር እየገዙ ላኩላት። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በ29 ዓመቷ ሞተች። በጃፓንም ቢሆን ከውድድር የወጣ ፈረስ ሁሉ እንዲህ አያረጅም፤ የፈረስ ሥጋ የሚበላበት አገር ነው። ሃሩ ኡራራን የለያት ፍጥነቷ አይደለም። ሰው በስም ያውቃታል፣ ስለዚህ የት እንዳለች ይጠይቃል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለፈረስ ስም ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም የጃፓኑ ጨዋታ ፈረሱን ሰው ሲያደርግ፣ እዚህ ሰውየው በፈረሱ ይጠራ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። በጊቤ የኦሮሞ መንግሥታትም ንጉሡ የሚታወቀው በፈረሱ ስም ነበር፤ የጅማው አባ ጅፋር ስም ዛሬ የእግር ኳስ ክለብ ሆኖ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንስቷል። የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው ደግሞ ከሁሉም ርቆ ሄዷል። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ቃኘው ይባል ነበር፤ አስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈርም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። አንድ የሐረር ባላባት የተቀመጠበት ፈረስ ስም ባሕር አቋርጦ የጃፓን ጎረቤት ድረስ ዘልቋል።

ይህ ሁሉ ያኮራል። ነገር ግን ስሞቹን ልብ ብሎ ላነበባቸው፣ አብዛኞቹ ስለ ፈረሱ ምንም አይናገሩም። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ዳኘው፣ ጠቅል። ትእዛዝ ናቸው፤ የጌታው ምኞት ፈረሱ ላይ ተጭኖ ነው። አባ ታጠቅ የሚለውን የማያውቅ የለም፤ ፈረሱ ዳማ ነበር ወይስ ጉራቻ፣ ገራም ነበር ወይስ ተናካሽ ተብሎ ቢጠየቅ ግን ብዙው ሰው ዝም ነው የሚለው። ፈረሱ ስሙን ለጌታው ሰጥቶ ከታሪክ ወጥቷል። ተረቱም «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል፤ ውለታውን እዚያው ላይ ቆርጦታል። አገዎች እዚህ ላይ ይለያሉ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲሰባሰብ አድዋ የዘመቱትን ፈረሶችም ያስባል። እንዲህ ያለ በዓል ግን ብዙ የለም።

እንዲህ በፈረስ ስም ሲምል በኖረ አገር ውስጥ ዛሬ ፈረስ በየቀኑ ሲሠራ የሚታየው በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነው። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ አንዱ መንገድ ወደ አዳማ፣ ሌላው በመቂና በባቱ አድርጎ ወደ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ። መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ለጋሪ ይመቻል። አህያው ጭነት፣ ፈረሱ ሰው ይጎትታል፤ ነገሩ በአብዛኛው እንዲህ ተከፋፍሏል። የሁለት ትውልድ አዳሜ ገበያ የሄደው፣ ሆስፒታል የደረሰው፣ ከአውቶቡስ ወርዶ ሻንጣውን ይዞ ቤቱ የገባው በጋሪ ነው። ባጃጅ ሲበዛ ጋሪው ከአስፋልቱ ወደ ጓሮ መንገድ ተገፋ። ቤንዚን በጠፋና ባጃጁ ማደያ ተሰልፎ በዋለ ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ ጋሪውን ያስታውሰዋል።

ባለጋሪው ፈረሱን ያውቀዋል። ከማንም የጨዋታ ሠሪ በላይ ያውቀዋል፣ ምክንያቱም የቀን ገቢው በዚያ ጸባይ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንዱ ከባድ መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ደንብሮ ተሳፋሪ ይጥላል። ሌላዋ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ አትረግጥም፤ በክረምት ግማሹን መንገድ ዙራ ነው የምትሄደው። ሦስተኛው የለመደው ደንበኛ በር ላይ ሳይታዘዝ ይቆማል፣ ደንበኛው ከቤቱ ለቆ ከሄደ ዓመት ቢሞላውም። ከእነዚህ አንዱ ጃፓን ቢወለድ ኖሮ በሁለት እግሩ ከቆመው ፈረስ ጎን ምስሉ ስልክ ውስጥ በገባ ነበር። አዳማ ላይ «ዳማው» ከተባለ ተመስገን ነው።

ጋሪዎች የቁጥር ሰሌዳ እንዲለጥፉ የተደረገባቸው ከተሞች አሉ። ቁጥሩ የጋሪው ነው። እንጨቱና ጎማው ተመዝግቧል፤ ባለቤቱ ታውቋል፤ ቢያጠፋ ይቀጣል። የሚጎትተው ግን የትም መዝገብ ላይ የለም። ፈረሱ ሲሞት ወይም ሲያነክስ ሌላ ፈረስ እዚያው ቁጥር ውስጥ ይገባል፣ እንደ ጎማ ቅያሪ።

ያነከሰው የት ይሄዳል? በእነዚህ ከተሞች መንገድ የሚመላለስ ሁሉ መልሱን አይቶታል፤ አይቶም አልፏል። ሌሊት ማሰሪያው ይፈታለትና ከከተማ ወጣ ብሎ ይለቀቃል። የሚበላ ስለሌለ ተመልሶ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይመጣል። አስፋልት መሀል ይቆማል፤ መኪና ይገጨዋል ወይም በእሱ ሰበብ መኪና ይገለበጣል። ከዚያ የተረፈውን ጅብ ይጨርሰዋል።

ከመጣል ምክንያቶች አንዱ በሽታ ነው። በፈንገስ የሚመጣ፣ ከቆዳው ሥር እየተንጠለጠለ እንደ መቁጠሪያ ተከታትሎ የሚያብጥና የሚፈነዳ፣ የጋማ ከብትን የሚያጠቃ በሽታ አለ። በቁስል በኩል ይገባል፤ ዝንብም ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሰዋል። ቁስል ያለበት ደግሞ ማን ነው? ማሰሪያው ደረቱንና ጀርባውን የሚልጠው የጋሪ ፈረስ። በጣም ቀዝቃዛ በሆነው ደጋ እምብዛም አይገኝም፤ እንደ ሞጆ ያሉ ሞቅ ያሉ ከተሞች ግን በእንስሳት ሐኪሞች ጥናት ላይ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሳ ነው። ከአርሲ ደጋ ጤነኛ ሆኖ የወረደ ፈረስ እዚህ ሠርቶ ይታመማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ላይ ነው፤ ለጋማ ከብት ነጻ ሕክምና የሚሰጡ በጎ አድራጊ ድርጅቶችም እዚያው አካባቢ ሠርተዋል። በሽታው ሳይገፋ የመጣ ፈረስ ይረዳል። ችግሩ ሕክምናው ረጅም መሆኑ ነው፤ የታመመው ፈረስ ሳምንታት ሲቆም ቤተሰቡ በምን ይበላል?

እዚህ ላይ ባለጋሪውን ጨካኝ ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ብዙው ፈረሱ የራሱ እንኳ አይደለም፤ የቀኑን ለባለቤቱ አስገብቶ ከተረፈው ነው ፉርሽካ የሚገዛው፣ እንጀራም የሚገዛው። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ቆዳው ወደ ውጭ የሚላክ የአህያ ቄራ ሲከፈት ሕዝቡ ነውር ነው ብሎ ተቃወመ፤ ቄራውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ቁጣው ተገቢ ነበር። ግን ያው ቁጣ፣ ቆዳው ማንም ሳይፈልገው በቁሙ ለሚበሰብሰው ፈረስ አልተሰማም። አህያዋን የውጭ ሰው ሲነካት ነውር ሆነ፤ ፈረሱን ጎረቤት ሲጥለው የመንገድ ትዕይንት ሆኖ ቀረ።

አገሪቱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አላት። ሁሉንም ቺባ እንዳለው እርባታ ቀልቦ ማስረጀት አይቻልም፤ እንዲህ የሚል ሰው ካለ የፉርሽካ ዋጋ አያውቅም። የሚቻለው ግን ትንሽና ርካሽ ነው። ቁጥሩ ከጋሪው ወደ ፈረሱ ይዛወር። ከተማው ለጋሪ ፈቃድ ሲሰጥ ፈረሱን ይመዝግብ፦ መልኩን፣ ዕድሜውን፣ ምልክቱን፣ ያለበትን ጠባሳ፣ የባለቤቱን ስም። ፈቃዱ ሲታደስ ያው ፈረስ ቀርቦ ይታይ፤ ሐኪም ደረቱን ይመልከት። ፈረሱ ከሌለ «የት ሄደ?» ተብሎ ይጠየቅ። ሞተ፣ ተሸጠ፣ ለሐኪም ተሰጥቶ ያለ ሥቃይ እንዲያርፍ ተደረገ፤ ሁሉም መልስ ነው። «አላውቅም» ግን መልስ አይሁን። ባለቤቱ ጋሪ ነጂው ሳይሆን ፈረስ የሚያከራየው ሰው ከሆነ ደግሞ ተጠያቂው እሱ ይሁን፤ እስካሁን ስሙ ከማይነሳው አንዱ እሱም ነውና።

ጋሪን ከከተማ ስለማስወጣት ሲመከር አጀንዳው ትራፊክና ጽዳት ነው፣ ቢበዛ ጋሪ ነጂዎቹን በምን ሥራ ማደራጀት ይቻላል የሚል ነው። የኋለኛው ትልቅ ጥያቄ ነው፣ መቅደምም አለበት። ከጋሪው የተፈታው ፈረስ ማታ የት እንደሚያድር ግን በዚያ ወረቀት ላይ አንድ መስመር አይሰጠውም።

በሞጆና በአዳማ መካከል በአሮጌው መንገድ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አንድ እንዲህ ያለ ፈረስ አይጠፋም። አስፋልቱ ገና ሙቀት ስላለው መሀሉ ላይ ይቆማል። ማሰሪያው የላጠው ቦታ ደረቱ ላይ አልሻረም። ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ይነፋበታል። አይደነብርም።