የታረቀ ቤት፥ በሥዕልና በቦሌ ሚካኤል

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው የቦሌ ሚካኤል ሰፈር ስሙን ያገኘው በዚያ ካለው ከቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ወር በገባ በ12ኛው ቀን ነጠላ የለበሱ ምእመናን ወደ ደጁ ይጐርፋሉ፤ በዚያው ሰፈር ደግሞ ከሶማሌ ወገን የሆኑ ብዙ ሙስሊሞች ቤትና ሱቅ ይዘው ይኖራሉ። እኛም ዛሬ ስለዚህ ሰፈር ስንጽፍ ሕንፃውንና ገበያውን ትተን የቤቱን ሰላም ልንመለከት ወደድን።

በ18ኛው ምዕት ዓመት በእንግሊዝ አገር የነበሩ ሠዓልያን የቤተ ሰብን ኑሮ መሣል ይወዱ ነበር። ከእነዚህም አንዱ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1747 እስከ 1801 የኖረው ፍራንሲስ ዊትሊ፥ በዘይት ቀለምም በውሃ ቀለምም ይሥል ነበር። የውሃ ቀለም ስስ ስለ ሆነ የወረቀቱ ንጣት ከሥሩ ያበራል፤ ስለዚህ ለቤት ውስጥ ጸጥታ ይስማማል። ነገር ግን የታረቀ ቤት በሥዕል ሲታይ የምናየው የተያያዘውን እጅ ብቻ ነው፤ አስቀድሞ የተነገረውን ክፉ ቃልና የፈሰሰውን እንባ ወረቀቱ አይነግረንም።

ይህንን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። ባልንና ሚስትን ለየብቻ ይሰማሉ፤ ያጠፋውን ይገሥጻሉ፤ ከዚያም ይቅር ለእግዚአብሔር ያባብላሉ። ቁርአንም ከባል ወገን አንድ፥ ከሚስት ወገን አንድ አስታራቂ እንዲላክ ያዝዛል፤ እንግዲህ የቦሌ ሚካኤል ጎረቤታሞች በሃይማኖት ቢለያዩም በዚህ ይገናኛሉ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ነገር ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን የማፋታቱን ሥልጣን ለፍርድ ቤት አድርጎ ለሽማግሌዎች የማስታረቁን ሥራ ተወላቸው፤ ዕርቁ ባይሳካም ዳኛው እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ ዝምታ ሁሉ ዕርቅ አይደለም። የተደበደበች ሚስት «ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» ተብላ ብትመለስ ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ሥዕል ይመስላል እንጂ ሰላም አልገባበትም፤ ዱላ የተነሣበት ነገር ለሕግ መቅረብ አለበት። ስለዚህ ለሽምግልና የምትጠሩ ወገኖቻችን ሆይ፥ አስቀድማችሁ የተበደለውን ስሙ፤ እውነቱ ከተነገረ በኋላ ቡናው ይፈላ።