ሰርተፍኬት ሳይሆን ሥራ ማስተማር

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አማኑኤል የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ልክፈት የሚል ወጣት ስለ ኮምፒውተሩ ብዛት ከማሰቡ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የተማረው ሰው በማግስቱ ምን ይሠራበታል?

ፒችትሪን እንመልከት። ሶፍትዌሩ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት አልፈዋል፤ እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ ቀጣሪ በማስታወቂያው ስለሚጽፈው ሠልጣኝ አላጣም።

ትንሽ ከተማ ላይ ግን ከቀጣሪው ነጋዴው ይበዛል። እህል ነጋዴው ዱቤውን በደብተር ይይዛል፤ ገንዘቡን በ2013 በመጣው ቴሌብር ይቀበላል። ኪሱን የሚከፍተው ለሰርተፍኬት አይደለም፤ ማን ስንት እንዳለበት በኤክሴል ቁልጭ ብሎ ሲያይ ነው። ኤክሴል ደግሞ ኔትወርክ አይጠይቅም። በ2015 መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ላየ የአማራ ክልል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ በአንድ ላፕቶፕና በሦስት ሰው ይጀመር። ነጋዴው የራሱን ደብተር ይዞ ይምጣ፤ ትምህርቱም በዚያው ደብተር ይሁን። ከጠቀመው ጎረቤቱን ራሱ ይዞ ይመጣል። ካልጠቀመው ግን የትኛውም ባነር አይመልሰውም።