ማን ማንን ይቅር ይበል?

አስተማሪ በነበርኩበት ዘመን ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ። ሌሊት እየመጣች እንቅልፍ የምትነሳኝ ግን አንዲት ቀልድ ነች።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ስለ አየርላንዳዊው ደራሲ ስለ ኦስካር ዋይልድ ሳስተምር፣ «ለምንድነው የታሰረው?» አለኝ አንዱ ተማሪ። መልሱ አጭር ነበር። ከወንዶች ጋር በነበረው ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1895 ሁለት ዓመት እስራት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ተፈርዶበት ነው። እኔ ግን ማሳቅ አማረኝና፣ ዛሬ የማልደግማትን ቀልድ ጣል አደረግሁ። ክፍሉ አውካካ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ብቻ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። አየሁት። አይቼም ትምህርቴን ቀጠልኩ።

ይህን ነገር የቀሰቀሱብኝ እ.ኤ.አ. በ2022 በ98 ዓመታቸው ያረፉት እንግሊዛዊው ጆርጅ ሞንታጊው ናቸው። ሰውየው ሚስት አግብተው፣ ሦስት ልጆች ወልደው፣ ወንድ የሚያፈቅሩ መሆናቸውን አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ደብቀው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ከወንድ ጋር ነውር ፈጽመዋል ተብለው ተፈረደባቸው። የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1967 ላላ ብሎ ነበር፤ ላላ እንጂ አልተፈታም፣ ከዚያም በኋላ የተከሰሱት ብዙ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የአገሪቱ መንግሥት፣ በነዚያ በተሻሩ ሕጎች የተፈረደባቸውን በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች በአዋጅ ይቅር አለ። ዋይልድም ከሞተ ከ116 ዓመት በኋላ ይቅር ተባለ። ሞንታጊው ግን ሐሳቡ ገና ሲነገር አልፈልግም አሉ። ይቅርታ የሚደረገው ለጥፋተኛ ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ? ይልቅ እናንተ ጠይቁኝ፤ ነገራቸው ይኸው ነው። ፊርማ አሰባስበው ሞገቱ። ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀበት ደብዳቤ ደረሳቸው።

በእኛ ቋንቋ ሁለቱም «ይቅርታ» ነው። አንዱ «ይቅርታ ማድረግ»፣ ሌላው «ይቅርታ መጠየቅ»። ግሱ ሲለወጥ ግን አጎንባሹም ይለወጣል። ሽምግልናችን ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ የሚወድቀው የበደለ ነው። ተበዳዩን ድንጋይ አሸክሞ «በል፣ ምረንሃል» የሚል ሽማግሌ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። አዛውንቱ እምቢ ያሉት ይህንን ነው።

በእኛ አገር ሕጉ ዛሬም ድርጊቱን ይከለክላል፤ ሃይማኖቶቻችንም የሚሉት ይታወቃል። የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚያ አይደለም። በዚያች ቀን ያሳቅሁት ሕግ አስገድዶኝ፣ ሃይማኖት አዝዞኝ አይደለም። አሳቂ መባል ጣፍጦኝ ነው። የታሰረ ሰው መከራ ለእኔ ማሳቂያ ሆነ።

ያ ልጅ ለምን እንዳልሳቀ አላውቅም። ምናልባት ነገሩ የራሱ ይሆናል፤ ምናልባት የወንድሙ፤ ምናልባትም ቀልዴ አስጠልቶት ብቻ ይሆናል። ይህን እየዞርኩ ብጠይቅ ሁለተኛ በደል ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ወግቼም አልረሳሁም፤ ግን አለመርሳቴ ብቻውን ለእሱ ምን ይጠቅመዋል?

አሁን አርባዎቹ ውስጥ ይሆናል። ይህን ጽሑፍ ካነበበ፣ ያኔ ክፍሉ ውስጥ፣ በዚያው ሰዓት ልለው የሚገባኝን ዛሬ እለዋለሁ፤ ይቅርታ። ይቅር ማለት አለማለቱ የሱ ነው።