ከሬዩኒየን ደሴት፦ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ማዕበል

ውድ ቤተሰቦቼ፣

ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሳይክሎን መነሣቱን በዜና በሰማችሁ ቁጥር ሁላችሁም የምትጠይቁት ስለ ንፋሱ ጉልበት ነው። አልፈርድባችሁም፤ ዜናው ራሱ የሚያወራው ሌላ ነገር የለም። እኔ ግን ይቺን ደሴት ከታሪኳም ከመሬቷም አይቼ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ማዕበሉ ራሱ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እየተጓዘ እንደሆነ ነው ብዬ አምኛለሁ። እንዲህ ያሉ ደሴቶችን አብዝቶ የሚጎዳቸው አጠገባቸው ተጎልቶ የሚከርም ማዕበል ነው፤ ንፋሱ ደካማ ቢሆን እንኳ። ይህን ያልኩበትን ምክንያት በደንብ ላስረዳችሁ። ዓመቶቹን የምጽፍላችሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬቱ አቀማመጥ ነው። ሬዩኒየን ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ያለች፣ ስፋቷ 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ የፈረንሳይ ግዛት ናት። ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ምድሩ ፒቶን ደ ኔዥ በተባለው ተራራ ላይ 3,070 ሜትር ይደርሳል። እርጥበት ተሸክሞ ከውቅያኖሱ የሚመጣው ንፋስ ይህን ግንብ ሲያገኝ ከመውጣት በቀር አማራጭ የለውም፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ የተሸከመውን ያራግፋል። ለዚህ ነው በምሥራቁ ወገን ያሉ ከፍታዎች በዓመት ከ10 ሜትር በላይ ዝናብ ሲያገኙ የምዕራቡ ጠረፍ አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላው። በጥር 1966 ዴኒስ የተባለው ሳይክሎን ሲመጣ ፎክ ፎክ በተባለ ቦታ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,825 ሚሊሜትር ዘንቧል፤ እስከ ዛሬ የዓለም ክብረ ወሰን ነው። የአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ 1,200 ሚሊሜትር ገደማ መሆኑን አስቡና፣ የአንድ ዓመት ተኩሉ ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ማለት ነው። ተራራው በአንድ ቀን ይህን ማውረድ ከቻለ፣ ማዕበሉ ቆሞ ቀናት ቢሰጠውስ?

የዚህን መልስ ሁለት ማዕበሎች ሰጥተዋል። በጥር 1980 ሃያሲንት የተባለው ማዕበል በደሴቲቱ ዙሪያ ሄድ መለስ እያለ ሁለት ሳምንት ያህል አልለቀቃትም። ኮመርሶን በተባለው የእሳተ ገሞራ አፍ አጠገብ በ15 ቀን የተለካው ዝናብ 6,083 ሚሊሜትር ሲሆን 25 ሰዎች ሞተዋል። በየካቲት 2007 ደግሞ ጋሜድ ከደሴቲቱ በስተሰሜን ምዕራብ ራቅ ብሎ ሲያልፍ ጉዞውን አቀዘቀዘ፤ እዚያው ኮመርሶን ላይ በሦስት ቀን 3,930 ሚሊሜትር ወረደ። ልብ በሉ፣ የሁለቱም ዓይን፣ ማለትም መሐል እምብርታቸው፣ ደሴቲቱን አልረገጠም። ከባዱ ንፋስ ያለው በዓይኑ ዙሪያ ስለሆነ፣ በንፋስ ብቻ ለሚለካ ሰው ሁለቱም ሳይነኩ ያለፉ ማዕበሎች ናቸው። ሴንት ኤትየን ወንዝ ላይ የነበረው ትልቁ ድልድይ ግን በጋሜድ ጎርፍ ፈረሰ። የነቀለው ንፋስ አይደለም፤ ድልድዩን የጣለው ከቀን ቀን ሳያቋርጥ የምሶሶዎቹን ሥር እየበላ የወረደው ውሃ ነው።

ጎርፉ የሰው ሕይወት የሚያጠፋው እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ደግሞ እዚህ ራዲዬ የሚሉትን ማየት ይበቃል። ፈፋ በመንገድ ላይ በሚያልፍበት ቦታ ድልድይ በመሥራት ፈንታ የፈፋውን ወለል በሲሚንቶ ለብጠው መኪና በላዩ እንዲያልፍ አድርገውታል፤ የሲሚንቶ መልካ በሉት። በደረቁ ወራት ድንጋይና ሣር ብቻ ነው የሚታይበት፤ ውሃ ሄዶበት ያውቃል ብሎ የሚያምን አይኖርም። ጫፉ ላይ ግን መንገድ መዝጊያ አለ። ከላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ፣ ከታች ፀሐይ ወጥቶ ሳለ፣ ቡናማ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ በዚያ መልካ ላይ ይመጣል። ጉልበት የማይሞላ የሚመስል ውሃ መኪና ይዞ ይሄዳል። ማዕበሉ ፈጥኖ ካለፈ ፈፋው በቶሎ ይጎድላል፤ ማዕበሉ ከቆመ ግን መልካው ለቀናት ይዘጋል፤ ዱቄቱ የሚያልቅበት፣ ሕፃን የሚታመምበት፣ ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው መሪ ጨብጦ የሚሞክረው ያኔ ነው።

የባሕሩም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሞገድ የሚያድገው ንፋሱ በመበርታቱ ብቻ ሳይሆን ባንድ አቅጣጫ ለብዙ ሰዓት፣ በሰፊ ውሃ ላይ በመንፈሱ ጭምር ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ማዕበል ያንኑ ጠረፍ ከዚያው አቅጣጫ ለቀናት ይደበድባል። ሞገዱ ከማዕበሉ ቀድሞ ስለሚደርስ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ባሕሩ ይነሣል፤ ለዋናተኛም ለዓሣ አጥማጅም የሚያሳስተው ይህ ነው። የኮራል ድንጋይ አጥር ያለው ከምዕራቡ ጠረፍ የተወሰነው ክፍል ብቻ ሲሆን የቀረው ራቁቱን ነው። ወንዞቹ በሚገቡበት ቦታ ደግሞ ሞገዱ የጎርፉን ውሃ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከሴንት ዴኒ ከተማ ወደ ላ ፖሴስዮን ከተማ የሚሄደው የድሮው መንገድ በገደልና በባሕር መካከል የተሰነቀረ ነው፤ ሲዘንብ ከላይ ቋጥኝ ይወርድበታል፣ ባሕሩ ሲነሣ ከታች ሞገድ ይመታዋል። በ2022 የተከፈተውን 5.4 ኪሎ ሜትር ድልድይ ከጠረፉ አርቀው ባሕሩ ላይ የሠሩት ለዚህ ነው።

ታዲያ መለኪያው ለምን በንፋስ ሆነ ትሉ ይሆናል። ዓለም የሚያውቀው ከአንድ እስከ አምስት ያለው የሳፊር ሲምፕሰን ደረጃ ዛሬ የሚናገረው ስለ ንፋስ ፍጥነት ብቻ ነው፤ እዚህ ያለው የፈረንሳይ የአየር ትንበያ ተቋም (ሜቴዎ ፍራንስ) ማዕከል የሚጠቀምበት አመዳደብም በንፋስ ነው። ንፋስን መመደብ ይቀላል። ችግሩ ቁጥሩ ሲወርድ ሰው አደጋው የወረደ ይመስለዋል። በነሐሴ 2018 ወደ ሃዋይ የቀረበው ሌን የተባለው ማዕበል አምስተኛ ደረጃ ደርሶ ከዚያ ተዳከመ፣ ዓይኑም ደሴቶቹን አልረገጠም፤ ቢሆንም በትልቋ ደሴት ካሁና ፏፏቴ አካባቢ 1,473 ሚሊሜትር ዘነበ። የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከ1963 እስከ 2012 አገራቸው ውስጥ በአትላንቲክ ማዕበሎች በቀጥታ የሞተውን ሰው ሲቆጥሩ ከአሥር ዘጠኙ ያህል በውሃ የሞተ ሆኖ ተገኝቷል።

ንፋስን አቃለልክ እንዳትሉኝ። በታኅሣሥ 2024 በማዮት ደሴት ላይ የደረሰው ቺዶ የተባለው ሳይክሎን ፈጥኖ ያለፈ ነበር፤ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ንፋስ የቆርቆሮ ቤቶችን ሰፈር በሰዓታት ውስጥ ጠራርጎ ወስዷል። ይህ እውነት ነው፤ የሚያሳየው ግን ለንፋስ መልሱ ጠንካራ ቤት መሆኑን ነው። ሬዩኒየን ያለፈውን ክፍለ ዘመን የሳይክሎን መከራ ካየች በኋላ ሕዝቧን ወደ ሲሚንቶ ቤት አስገብታለች፤ በሯን ዘግታ የምታሳልፈው ንፋስ ብዙ ነው። ለቆመ ዝናብ ግን ጠንካራ ቤት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ቤቱ የቆመበት ዳገት ራሱ ውሃ ጠጥቶ ሊሄድ ይችላል። ይህን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በ2024 ክረምት ጎፋ ላይ ዳገቱ ሲናድ ማንም ስለ ንፋስ አላወራም፤ የመጀመሪያውን ናዳ ሰምተው ለማዳን የሮጡት ሰዎች በሁለተኛው ተቀበሩ።

ሌላው ተቃውሞ ከባድ ስለሆነ ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ጄምስ ኮሲን የተባለው ተመራማሪ በ2018 ኔቸር መጽሔት ላይ ከ1949 እስከ 2016 ባለው ጊዜ የሳይክሎኖች ጉዞ በአማካይ 10 ከመቶ ያህል ቀንሷል ብሎ ጻፈ። በዓመቱ ሌሎች እዚያው መጽሔት ላይ መለሱለት፤ ሳተላይት ከመምጣቱ በፊት የተያዘው መረጃ ጎደሎ ስለሆነ ቅነሳው ከአመዘጋገቡ የመጣ ሊሆን ይችላል አሉ። ክርክሩን ተመልክቼ ተቺዎቹ ቁም ነገር አላቸው ብያለሁ። የእኔ ሙግት ግን ማዕበሎች ከድሮው ቀርፋፋ ሆነዋል በሚለው ላይ አልቆመም። ሃያሲንት በ1980 ቆሟል፤ ሌላም ነገ ይቆማል። ያልተከራከሩበት ነገር አለ፤ አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 ከመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል። የቆመው ማዕበል ፍጥነቱ የድሮው ቢሆን እንኳ የሚያወርደው ይበዛል።

ቀስ የሚል ማዕበል ለመዘጋጀት ጊዜ ይሰጣል የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። እዚህ ቀዩ የሳይክሎን ማስጠንቀቂያ ሲታወጅ ሕዝቡ ከቤት አይወጣም፤ ሐምራዊው ሲመጣ የነፍስ አድን ሠራተኞችም ጭምር ይገባሉ። ያ ሥርዓት የተሠራው ለንፋሱ ሰዓታት ነው፣ ለዚያም በደንብ ይሠራል። ከባዱ የሚመጣው ማስጠንቀቂያው ከተነሣ በኋላ ነው። ሰማዩ ሲገለጥ ሰው ይወጣል፤ ፈፋዎቹ ግን ገና አልጎደሉም፣ ተራራው ውስጥ ወዳሉት ሲላኦስና ሳላዚ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ያለው አፈር ገና እርጥብ ነው። ባለሥልጣናቱ ይህን ጊዜ ለብቻው ለይተው ሰዉን ያስጠነቅቃሉ፤ ከማስጠንቀቂያዎቻቸው ሁሉ የሚሻለው እሱ ይመስለኛል፣ ሰው ቀለል አድርጎ የሚያየውም እሱኑ ነው።

እንግዲህ በዚህ ወቅት ማዕበል ሲነሣ ከንፋሱ ጋር የጉዞውንም ፍጥነት እጽፍላችኋለሁ። በሰዓት ሃያና ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ከሆነ በማግስቱ ድምፄን ትሰማላችሁ። ከአሥር በታች ከወረደ ግን መብራቱም የስልክ መስመሩም ለቀናት ሊቋረጥ ስለሚችል ዝምታዬን በክፉ አትተርጉሙት፤ እናቴንም አስቀድማችሁ ንገሯት። ሰላምታዬ ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ይድረስልኝ።

የእናንተው፣
ከሴንት ዴኒ